ደጋ ላይ ያልሠራው ማቀዝቀዣ

መካነ ሰላም ላይ የመኪና ማቀዝቀዣ መጠገን የቂል ሥራ ይመስላል። በታኅሣሥ ጠዋት ባልዲ ውስጥ ያደረ ውኃ ስስ የበረዶ ቆዳ ያወጣል፤ ሰው ጋቢ ደርቦ ቢሮ ይገባል። እንዲህ ባለ አገር ቀዝቃዛ አየር የሚመኝ የለም። ቢሆንም በደርግ ዘመን፣ በአንዱ በጋ፣ የአንድ አሮጌ ፒክአፕ ማቀዝቀዣ እንዲሠራ እጄን አግብቻለሁ።

ያን ጊዜ የአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት ግምጃ ቤት ጠባቂ ነበርኩ። አካፋ፣ ጆንያ፣ የፀረ ተባይ መርጫ፣ የመኪና መለዋወጫ አስገባለሁ፣ አወጣለሁ። አባቴ የቤተ ክርስቲያን መምህር ነበሩ፤ ወንድሞቼን ሲያስተምሩ እኔ ከግድግዳው ማዶ እየሰማሁ አደግሁ። በልጅነቴ ተዳርኩ፣ ትዳሩም አልጸናም። አስኳላ የገባሁት ከዚያ በኋላ ነው። አንደኛ ክፍል አጠገቤ የሚቀመጡት ልጆች «እትዬ» ይሉኝ ነበር። ስለዚህ በከተማው ውስጥ ለባለትዳሮቹ ፈት ነበርኩ፣ ለተማሩት ዘግይታ የተማረች፣ ለቀበሌው ሴቶች ደግሞ ስብሰባ ላይ አፏን የማትከፍት። ሰው ክፉ ሆኖብኝ አይደለም። ሰላምታ አይጎድለኝም ነበር፤ የሚጎድለኝ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ነበር።

እሱን የሚሰጡኝ የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ብቻ ነበሩ። የባቲ ሰው ናቸው፤ በዕድሜ አባቴ ሊሆኑ ምንም አይቀራቸውም። ሚስታቸውና ልጆቻቸው እዚያው ባቲ ናቸው፣ እሳቸው እዚህ በአንዲት የኪራይ ክፍል ይኖራሉ። ደሴ በሄዱ ቁጥር መጽሐፍ ያመጡልኛል። የሚመርጡት በውፍረቱ ነው። «ቀጭኑ ሳትጀምሪው ያልቅብሻል፤ ባለ ሱቁን ወፍራሙን ስጠኝ ነው የምለው» ይሉኛል። እሳቸው አያነቡም። ዕቃ ይዘን ገጠር ስንወጣ ግን የኋላውን መንገድ በመስታወት እያዩ፣ «እሺ፣ ያቺ ሴትዮ ባሏን ተወችው?» ብለው ይጠይቁኛል። እነግራቸዋለሁ። «ልክ አልሠራችም» ይላሉ፤ እኔም እከራከራለሁ። ስለ መጽሐፍ ከሰው ጋር የተከራከርኩት በዚያች መኪና ውስጥ ብቻ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ፒክአፑ ከነሾፌሩ ወደ አፋር በረሃ እንዲዛወር ከደሴ ትእዛዝ መጣ። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነበር፤ ማቀዝቀዣው መሥራት አለበት። የማይሠራ ከሆነ ሌላ መኪና ይላካል፣ የኛው ይቀራል። ባቲ በበረሃው መንገድ ላይ ናት። ለሾፌሩ ይህ ማለት በየሳምንቱ ልጆቻቸውን ማየት ማለት ነበር። ለእኔ ምን ማለት እንደነበረ ለማንም አልተናገርኩም።

የማቀዝቀዣው የድሮ ኮምፕሬሰር ደርቆ ከቆመ ብዙ ጊዜው ነው። ደሴ ያለ ጋራዥ አዲሱን አሰረ፣ ጋዙንም ሞላ። ሽቦውን የሚያገናኘው ሠራተኛቸው ግን ለዘመቻ ተጠርቶ ሄዶ ስለነበር፣ ሾፌሩ ሽቦው እንደተንጠለጠለ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን የሽቦ ሥዕል በኪሳቸው ይዘው መጡ። አለቃችን ወረቀቱን ገለበጠ፣ አዟዟረ፣ ከዚያ ወደ ግምጃ ቤቱ ጮክ ብሎ ተጣራ።

«መጽሐፍ ላይ ተደፍታ የምትውል ሴት ሽቦ ማንበብ አያቅታትም፤ ነይ ውጪ።»

ወጣሁ። ሾፌሩ የባትሪውን ራስ ፈትተው፣ ኮፈኑን ከፍተው ይጠብቁኝ ነበር። የድሮው ኮምፕሬሰር አንድ ሽቦ ብቻ ነበረው፤ አዲሱ ግን ሁለት ሽቦ አውጥቷል፣ አንድ ቀይ፣ አንድ ጥቁር። ከመኪናው በኩል የሚመጣው አንድ ነው።

«ጥቁሩ ትርፍ ነው፤ እንቁረጠው» አሉ።

«ጋሼ፣ ትርፍ ቢሆን ለምን ያወጡለት ነበር? ትንሽ ይታገሡኝ።»

መዝገበ ቃላቴን አምጥቼ መኪናው አፍንጫ ላይ ተደገፍኩ። ሥዕሉ ላይ የጥቁሩ ሽቦ መጨረሻ ወደ ታች እያጠሩ የሚሄዱ ሦስት ሰረዞች ናቸው። ቃል የለበትም። ሰረዞቹን በጣቴ አሳየኋቸው።

«እሱማ ማሳ ነው» አሉ፤ ፊታቸው ፈካ። «ከመኪናው ብረት ጋር ይታሰራል። የድሮው በገዛ አካሉ ብረቱን ይነካ ነበር፣ ለዚያ ነው አንድ የበቃው። አየሽ፣ እኔ ሰረዙን አላውቀው፣ አንቺ ብረቱን አታውቂው።»

ብሎኑ የሚገባበትን ቦታ ቀለሙ እስኪለቅ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጉት። እኔ የቀዩን ሽቦ ጫፍ ልጬ፣ ክሩን ከክሩ ገምጄ፣ በፕላስተር ጠቀለልኩ። አላማረኝም፤ ፈትቼ እንደገና ጠቀለልኩ። አሁንም ፈታሁት።

«አንቺ ሴትዮ፣ የመኪና ሽቦ ነው እኮ። ዳዊት እየደጎስሽ መሰለሽ?»

«ቢላቀቅ በረሃ ላይ የሚቀሩት እርስዎ ነዎት።»

«ወላሂ፣ ልትገላገይኝ ካልቸኮልሽ በስተቀር ሥራሽ እንዲህ አያምርም።»

ሳቅሁ። እጄ ግን አልሳቀም፤ እያንዳንዱ ዙር እሳቸውን ከዚህ ከተማ የሚያስወጣ ዙር መሆኑን ያውቅ ነበር። ላላ አድርጌ መተው አልሆነልኝም። ላላ ያለ ነገር ማየት አልችልም፤ ተፈጥሮዬ ነው።

ሙከራው ለማግስቱ ጠዋት ተቀጠረ፤ ከሰዓት በኋላ የውይይት ክበብ ስላለ አለቃው ጊዜ የለውም። ፀሐይ ገና ጣሪያውን አልነካችም፣ ሣሩ ነጭ ነው። ሁላችንም ጋቢያችንን እስከ አፍንጫችን ስበን ቆምን። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሡ፣ የማቀዝቀዣውን ማብሪያ ተጫኑ። የኮምፕሬሰሩ ማግኔት ጠቅ ብሎ መዘውሩን መንከስ ነበረበት። ምንም አላለም። አጥፍተው አበሩት፤ ዝም። የዘበኛችን እጅ የአየሩ ቀዳዳ ላይ ተዘርግቶ ቆየ።

«ይቀዘቅዛል» አለ።

«ውጪውስ?» አለ አለቃው።

«ውጪውም ይቀዘቅዛል።»

ተሳቀ። አለቃው፣ «በቃ፣ አልሠራም። ይህች መኪና የኛው ናት፤ ለደሴ እንጽፋለን» ብሎ ገባ። ሾፌሩ ኮፈኑን ቀስ ብለው ዘጉ። ጨርቁን አጥፈው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና፣ «አልሃምዱሊላህ፣ ኸይር ነው» አሉ።

እኔ ሽቦውን በልቤ ደግሜ ሄድኩበት። ስህተት አላገኘሁም። ስህተት አለማግኘቴም፣ መኪናዋ መቅረቷም፣ ሁለቱም ደስ አሰኙኝ፤ ደስታውን ይዤ ግን የምሄድበት ሰው አልነበረም።

በሳምንቱ የዘር ጆንያ ይዘን ወደ ወግዲ ሄድን፤ ከዚያም አልፈን ወደ ዓባይ ቆላ ወረድን። መንገዱ ድንጋይ ነው። እየወረድን ስንሄድ ጋቢዬን፣ ከዚያም ሹራቤን አወለቅሁ። ሾፌሩ መስኮታቸውን እስከ ታች ከፍተው፣ በሞተሩ ጩኸት ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ በአዲሱ መጽሐፍ ውስጥ ያለው ነጋዴ ለምን ለወንድሙ እንደዋሸ ይጠይቁኛል። መልሱ አፌ ላይ እያለ ከኮፈኑ ሥር አንድ ጠቅታ ሰማሁ። ጠጠር መሰለኝ። ወዲያው ጉልበቴ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ፈሰሰ።

ማብሪያው ከሙከራው ቀን ጀምሮ እንደበራ ነበር። ሽቦው ልክ ነበር። ያ ማቀዝቀዣ አየሩ ራሱ ሲቀዘቅዝ ማግኔቱን የሚያቋርጥ ነገር ተሠርቶለታል፤ እኛ ደግሞ ውርጭ በጣለበት ጠዋት ፈተንነው። በእሳቸው በኩል የሚገባው የቆላ ነፋስ ነው። መስኮቱን ካልዘጉ ማቀዝቀዣው መሥራቱን አያውቁም። መሪውን እንደያዙ መልሴን ይጠብቃሉ።

እጄን ቀዳዳው ላይ አኖርኩ። ጣቶቼ እስኪደነዝዙ ያዝኩት።

«ጋሼ» አልኩ፣ «መስኮቱን ይዝጉት።»

«በዚህ ሙቀት? ምን ነካሽ?»

«ይዝጉትና እጅዎን እዚህ ያድርጉ።»

ዘጉት። እጃቸውን ዘረጉ። መኪናዋን ጥግ አስይዘው ቆሙና ግንባራቸውን መሪው ላይ አስደገፉ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው እርጥብ ነበር።

«ለካ ብርድ ላይ ብርድ አልጨምርም ብሎ ነው» አሉ። «ከኛ ይልቅ እሱ ልብ አለው።»

ዘሩን አራግፈን ስንመለስ፣ ዳገቱን በሙሉ ስለ ቤታቸው አወሩኝ፤ ትንሿ ልጃቸው ስታያቸው እንደምታፍር፣ ሚስታቸው ብቻዋን ያሠራችው ጓዳ ጣሪያው እንደሚያፈስ። አዳመጥኩ። ስለ ነጋዴው መልሴን አልጠየቁኝም፣ እኔም አላስታወስኳቸውም። መካነ ሰላም ስንገባ በቀጥታ አለቃው ቢሮ በር ላይ አቆሙና፣ «አንቺ ንገሪው፤ እኔን ለልጆቹ ብሎ ነው ይለኛል» አሉኝ። ገብቼ ነገርኩት።

ሾፌሩ ፒክአፑን ይዘው ወደ አፋር ከሄዱ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ለረጅም ጊዜ መኪና አልነበረውም። ዕቃው በበቅሎ ይመጣ ጀመር። ነጂዎቹ ጭነቱን ደጃፉ ላይ ያወርዳሉ፣ እኔ አይቼ እረከባለሁ። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ለመመለስም ይቸኩላሉ። «እንደምን ዋልሽ» ይሉኛል፤ «እግዜር ይመስገን» እላቸዋለሁ፤ በቅሎዎቹን አዙረው ይሄዳሉ።