የአባቴ መደብ

አባቴ አዘዞ ያለውን ቤታቸውን ለመሸጥ የተስማሙት እናታችን ካረፈች በኋላ ነው። ዓይናቸው በግላኮማ እየደከመ ሄዶ ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር ብዙም አያዩም ነበር። ብቻቸውን መኖር አልቻሉም፤ እኔ ደግሞ እዚያው አቅራቢያ ፀዳ በምትባል ከተማ ቤት ሠርቼ ገብቻለሁ። ከእኔ ጋር እንዲኖሩ ስለምናቸው ጥቂት ሰነበቱና እሺ አሉ። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቤቱን የሚገዛው ሰው አፍርሶ ሌላ የሚሠራበት ሳይሆን የሚኖርበት እንዲሆን።

ደላላው ቤቱን ዞሮ አየና ፊቱ አልፈካም። የጭቃ ቤት ቢሆንም አቋሙ ጥሩ እንደሆነ አመነ፤ ሳሎኑ ግን ጠባብና ጨለማ ነው አለኝ። ቤት የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ዕቃውን ስለሆነ፣ ዕቃው ካረጀ ቤቱም ያረጀ እንደሚመስለው መከረኝ። ነገሩ ልቤ ገባ። ድሮም ቤት ማሳመር እወዳለሁ። ቢሮ ውስጥ የምሳ ሰዓቴን የማሳልፈው ሶፋ የት ቢቀመጥ ክፍል እንደሚሰፋ የሚያሳዩ ቪዲዮዎችን በስልኬ ስመለከት ነው።

አባቴን ወደ ፀዳ አምጥቼ ከእህቴ ጋር ሥራ ጀመርን። ቁም ሳጥኑንና አሮጌዎቹን ወንበሮች አወጣን፣ የግድግዳውን ፎቶዎች አወረድን፣ ጥላሸት የጠጣውን የኮርኒስ አቡጀዲ ቀየርን፣ ቀለም አስቀባን። ከቤቴ ሶፋዬንና ስስ መጋረጃ አመጣሁ። ይህን ሁሉ ስሠራ ደስ ብሎኝ እንደነበር አስታውሳለሁ። ከጭቃ የተሠራው የሳሎኑ መቀመጫ፣ መደቡ ብቻ አልመች አለኝ።

መደቡ ከበሩ በስተቀኝ ጀምሮ ግድግዳውን ተከትሎ እስከ መኝታ ቤቱ ድረስ ይዘልቃል። አባቴ ቤቱን ሲሠሩ በእጃቸው ያበጁት፣ እናቴ በየዓመቱ ለክረምት መውጫ ትለቀልቀው የነበረ ነው። እኔና እህቴ ልጆች ሆነን የተኛነው እሱ ላይ ነው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ደግሞ አባቴ ጠርዙን በጉልበታቸው እየነኩ መኝታ ቤታቸው ይገቡ ነበር። ሶፋዬ ግን ከመደቡ ጋር ሲታይ የተውሶ ልብስ መሰለ፤ ሳሎኑም እንደ ጠበበ ቀረ። መደቡን ላስፈርስ ወሰንሁ።

እህቴ ከመፍረሱ በፊት ቢያንስ እንንገራቸው አለች። እኔ አልፈለግሁም። ከነገርናቸው ያዝናሉ፣ ምናልባትም ሽያጩን ይተዉታል ብዬ ፈራሁ። ከተሸጠ በኋላማ ማን ያየዋል አልኋት። «ያየዋል» ማለቴ እንኳ ያን ጊዜ አልቆረቆረኝም። የቀን ሠራተኞች መጥተው መደቡን አፈረሱት፤ አፈሩን በጋሪ አወጡት። ወለሉን በሲሚንቶ ሊሾ አስደረግሁት። ሳሎኑ እውነትም ሰፋ። ፎቶ አንስቼ ለደላላው ላክሁለት።

በአንድ እሑድ ጠዋት ደላላው ባልና ሚስት ይዞ መጣ። ሁለቱም አስተማሪዎች ናቸው። ሴትዮዋ ሳሎኑ መሐል ቆማ የልጆቿን ማጥኛ ጠረጴዛ የት እንደምታስቀምጥ ለባሏ ታሳየዋለች። መግዛታቸው እንደማይቀር ገባኝና ልቤ በደስታ ሞላ። የአባቴን ድምፅ ከደጅ የሰማሁት በዚህ ጊዜ ነው።

የቀድሞ ጎረቤታቸው የሆኑ አዛውንት ለቅዳሴ ወደ አዘዞ ይዘዋቸው እንደመጡ አውቅ ነበር። ወደ ቤቱ ይመጣሉ ብዬ ግን አላሰብሁም። ለካ አባቴ ቤቱን ሊያዩ ሰዎች መምጣታቸውን ሰምተው፣ ባለቤት ሳይቀበላቸው ቢቀር ነውር ነው ብለው ነው የመጡት። ዱላቸውን እንደ ወትሮው በር ላይ አስደግፈው ገቡ። ልመራቸው የዘረጋሁትን እጄን አልፈለጉትም፤ በገዛ ቤታቸው ማንም መርቷቸው አያውቅም። እንግዶቹን አንድ በአንድ እጅ ነሡ፣ ወደ ቀኝ ሁለቴ ተራመዱ፣ ዞሩና ተቀመጡ።

የተቀመጡበት ቦታ ምንም አልነበረም። በጀርባቸው ወደቁ።

ሴትዮዋ ከእኔ ቀድማ ደረሰች። ደግፋ ስታስቀምጣቸው አባቴ ወለሉን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ቀዝቃዛውን ሊሾ ወዲህና ወዲያ ዳሰሱና እጃቸው ግድግዳው ላይ ሲደርስ ቆመ። ነገሩ የገባቸው ያኔ ነው። ባልየው ደንግጦ ምን እንደነካቸው ጠየቀ።

«ምንም አይደል» አሉ አባቴ። «እዚህ መደብ ነበረ። እኔው ነኝ ያስፈረስሁት፤ እርጅና አስረሳኝ።»

ትንሽ ትንፋሽ ሰበሰቡና ጨመሩ፦ «ቤቱ ሸጋ ነው፣ ልጆቼ። ጣራው አያፈስም።»

ሰዎቹ እፎይ ብለው ፈገግ አሉ። በዚያች ቅጽበት እውነቱን መናገር እችል ነበር። ቤቱ ሳይሸጥ እንዳይቀር ብዬ ዝም አልሁ። አባቴ የዋሹልኝን ውሸት እኔም እንደ እውነት ተቀብዬ፣ የእንግዶቹን ሐዘኔታ አብሬ ራሴን እየነቀነቅሁ አሳለፍሁት።

ቤቱን ገዙት። አባቴ አጥንታቸው አልተሰበረም፤ ዳሌያቸው ግን ተጎድቶ ለሳምንታት ከአልጋ አልወረዱም። አንድ ከሰዓት ቅባት እየቀባኋቸው፣ «አባዬ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ሳልነግርዎ ነው ያስፈረስሁት» አልኋቸው።

«ምነው ልጄ፣ ቤት የሚሸጥ ሰው መደብ ይዞ ይሄዳል?» አሉኝና የገዢዎቹ ልጆች ስንት እንደሆኑ ጠየቁኝ። ይቅርታ ይሁን ወሬውን መዝጋት እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ሲሻላቸው እኔ ቤት ባለው ክፍላቸው መደብ ላሠራላቸው ግንበኛ ጠራሁ። አይሆንም አሉ፤ አልጋው ይበቃኛል ብለው ሰውየውን መርቀው መለሱት።

እህቴ አባታችን ነገሩን ረስተውታል ትላለች። እሷ ማታ መጥታ የምትሄድ ስለሆነች አታይም። እኔ ግን ከእሳቸው ጋር ነው የምኖረው። ወንበርም ሆነ የገዛ አልጋቸው፣ ከመቀመጣቸው በፊት በመዳፋቸው ይዳስሱታል፤ ከዚያም እንዳላመኑት ደግመው ይዳስሱታል። እንግዳ ካለ እጃቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ነው የሚዳስሱት። ያን ጊዜ የሌለ ሥራ እፈልግና ከክፍሉ እወጣለሁ።