ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የሚበላው ሰው

ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት ነቀምቴ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ሻንጣዬ ውስጥ "መሬት ለአራሹ" የሚል ወረቀት ተገኘና ታሰርኩ። ክፍሉ እርጥብ ገለባ ይሸታል። ሁለት ሰዎች ነበሩበት፤ በድንበር ክርክር የታሰሩ የአርጆ ሽማግሌና ሰው ገድሏል የተባለ የሲሬ ገበሬ።

ገበሬው አይናገርም። ስንቅ ሲገባ ድርሻውን ይዞ ጥግ ይሄዳል፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይበላል። ሽማግሌው በጠጡበት ጣሳ አይጠጣም። ስለ ፀረ ማኅበራዊ ጠባይ የተማርኩት ትዝ አለኝና "አገኘሁት!" አልኩ በልቤ።

በአራተኛው ቀን የእስር ቤቱ ሃምሳ አለቃ በሩን ከፈተ።

"አንተ ተማሪ! የሰው ጠባይ ታጠናለህ አሉ። ይሄ ሰውዬ ምን ነካው?"

"ከሰው ጋር መኖር የማይችል፣ ጸጸት የሌለው ጠባይ ነው፣ ጌታዬ።"

"እሱን ጻፍልኝ። በሰንሰለት አስሬ ጨለማ ቤት አስገባዋለሁ። ላንተም ደግ ቃል እናገርልሃለሁ።"

ወረቀትና እርሳስ ሰጥቶኝ ወጣ። ሁለት መስመር እንደጻፍኩ ሽማግሌው ተጠጉኝ።

"ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ጠይቀኸዋል?"

"አልጠየቅኩትም፣ አባባ።"

"በእሱ እጅ የሞተው የእኔ ወገን ነው። ጉማው፣ የደም ካሣው፣ ተከፍሎ፣ ሽማግሌ እስኪያስታርቀን እሱና እኔ ከአንድ ገበታ አንቆርስም። የከተማ ልጅ ነህ፣ አታውቅም። ኅሊና ባይኖረው አጠገቤ ተቀምጦ ይጎርስ ነበር።"

ከጥጉ ድምፅ መጣ። "ዓይናቸውን ማየት አቅቶኝ ነው" አለ ገበሬው።

መምህራችን ያስጠነቀቁን ያን ጊዜ ታወሰኝ፤ ከሰው መራቅ ብቻውን ምልክት አይደለም፣ ዋናው የሌላውን መብት ደጋግሞ እየረገጡ አለመጸጸት ነው ብለውን ነበር። ወረቀቱን ቀደድኩት።

ሃምሳ አለቃው ተመለሰ። "ጨረስክ?"

"ተሳስቼ ነበር፣ ጌታዬ። ሰውየው ይጸጸታል። የምጽፈው የለኝም።"

"ስንተኛ ዓመት ነህ?"

"አንደኛ።"

"ያስታውቃል!" ብሎ እየሳቀ ሄደ። እስከ ምሳ ጆሮዬን በሩ ላይ ጥዬ ቆየሁ። ሰንሰለት አልመጣም። ያን ጊዜ ገና በረጅሙ ተነፈስኩ።

እናቴ የላከችልኝን ዳቦ ሦስት ቦታ ቆረስኩት። የእኔን ድርሻ ግማሹን ከገበሬው ጎን ቁጭ ብዬ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ በላሁ። ከዚያ ተነሥቼ ቀሪውን ከሽማግሌው ጋር ጨረስኩ።

እኔ በሁለት ሳምንቴ ተፈታሁ። አሁን ወደ ትምህርቴ ተመልሻለሁ። ያ የቀደድኩት ወረቀት ሃምሳ አለቃው እጅ ሳይገባ መቅረቱን ሳስብ ዛሬም ቀለል ይለኛል። በደብተሬ ላይ ከፀረ ማኅበራዊ ጠባይ ትርጓሜ ሥር የሽማግሌውን ቃል ጽፌዋለሁ፦ ጠይቀኸዋል?