የሰሊጥ ሚዛን የመሰለው ዥዋዥዌ

ስንሻው በየጠዋቱ ብየዳ ቤቱን ከመክፈቱ በፊት ዊልቸር ላይ ተቀምጦ የገንዳ ውሃ ከተማን ዋና መንገድ ይሻገራል። እግሮቹ ደህና ናቸው። ጎማው የት ላይ እምቢ እንደሚል ማወቅ ስለሚፈልግ ነው፤ የባጃጅ ሹፌሮች ግን ይህን አያምኑም።

«ስንሼ፣ ዛሬስ ምን አገኘህ?»

«ያንተ ባጃጅ ገጨችኝ።»

«መቼ?»

«ነገ።»

ዊልቸሩን ከውዳቂ ብረት መሃል አውጥቶ የጠገነው፣ ትምህርት ቤቱ ልጆች ከነዊልቸራቸው የሚወጡበት ዥዋዥዌ እንዲሠራ ባዘዘው ሰሞን ነው። ዕድሜውን ሙሉ የትራክተር ተሳቢ ሲበይድ ስለኖረ ዥዋዥዌውም ተሳቢ መሰለ፦ ወፍራም የብረት ወለል፣ ሲወርድ መወጣጫ ሲዘጋ በር የሚሆን የኋላ መዝጊያ፣ ጎማ አንቀው የሚይዙ መያዣዎች። ከወለሉ ተነስቶ ፊት ለፊት ባለው ምሰሶ ዞሮ የሚመለስ ገመድም አለው፤ የተቀመጠው ልጅ ራሱ እየሳበ እንዲወዛወዝ። የሞከረውም እንደ ተሳቢ ነው። ሁለት ኩንታል ሰሊጥ ጭኖ ሲወዘውዘው ዋለ። ሰሊጡ አልወደቀም፤ ቅሬታም አላቀረበም።

ቅሬታው የመጣው ከመጂዳ ነው። መጂዳ የባለሱቁ የዓሊ ልጅ፣ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ናት። እግሮቿ አይታዘዟትም፤ ክንዶቿ ግን ዊልቸር ሲገፉ ስላደጉ የክፍሏ ወንዶች ሊተነኩሷት አይደፍሩም። ሌሎቹ ልጆች በአሮጌው ዥዋዥዌ ከአጥሩ በላይ ከፍ ብለው ማዶ መናኸሪያ የሚገቡትን የጎንደር አውቶቡሶች ሲያዩ፣ እሷ ከታች ሆና «የትኛው መጣ?» እያለች ትጠይቃለች። በራሷ ዓይን ማየት ፈለገች።

ነገር ግን ምክትል ርዕሰ መምህሩ አቶ ባየልኝ ለደህንነት ሲሉ ወለሉን በአጭር ሰንሰለት ከመሬት ጋር አሳስረውት ነበር። መጂዳ ወጣች፤ ገመዱን ሳበች፤ ዥዋዥዌው አንድ ክንድ ያህል ሄዶ ቀጥ አለ።

«ጋሼ ስንሻው፣ ስንት ኪሎ ሆንኩ?»

«ምን?»

«የሰሊጥ ሚዛን ነዋ! ዥዋዥዌ ቢሆንማ ይሄድ ነበር፣ ወላሂ!»

ልጆቹ ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ «ሚዛኑ» ሆነ፤ የሚወጣበትም ጠፋ። አቶ ባየልኝ «ካልተፈለገ አርብ ይነቀልና ብረቱ ለበር ይሁን» አሉ።

ሐሙስ ዕለት ስንሻው ቢሯቸው ሄደ። «ከመነቀሉ በፊት እርስዎ አንዴ ይሞክሩት። እስካሁን በደንብ የፈተሸው ሰሊጥ ብቻ ነው።»

እውነት ስለነበር እምቢ ማለት አልቻሉም። ግቢ ወጥተው የስንሻው ዊልቸር ላይ ተቀመጡና ወለሉ ላይ ወጡ። ስንሻው ጎማውን አሰረ፤ በሩን ዘጋ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሰንሰለቱን ፈታ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ግሪስ ልቀባው ነው።»

የገመዱን ጫፍ ከታች የያዘችው መጂዳ ነበረች። «ያላ!» አለችና ሳበች።

አቶ ባየልኝ ጮኹ። መጀመሪያ የስንሻውን ስም ጠሩ፤ ቀጥሎ የእመቤታችንን። በሦስተኛው ውዝዋዜ ጭንቅላታቸው ከአጥሩ በላይ ወጣ።

«የትኛው መጣ?» አለች መጂዳ።

አቶ ባየልኝ አንገታቸውን አሰገጉ። ከአጥሩ ማዶ፣ መናኸሪያው አጠገብ ካለው ጭማቂ ቤት በረንዳ ላይ፣ «ወባ ይዞኛል» ብሎ የቀረው የስፖርት መምህር እግሩን አነባብሮ ማንጎ ይጠጣል።

«አቁሚ!» አሉ፤ ወዲያው ደግሞ «አይ፣ አታቁሚ! አንዴ ድገሚው!»

ሊወርዱ ሲሉ ጎማውን በእጃቸው ገፋ አድርገው አዩት። ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

«ጮኸዋል እኮ» አለች መጂዳ።

«እየመረመርኩ ነበር።» ወደ ስንሻው ዞሩ። «ሰንሰለቱን ውሰደው።»

ሰንሰለቱ አሁን የብየዳ ቤቱ በር ይቆለፍበታል። ሰኞ በእረፍት ሰዓት መጂዳ አውቶቡሶቹን በራሷ ዓይን ልታይ ዥዋዥዌው ላይ ትወጣለች፤ የስፖርት መምህሩም ሥራ ይገባል።