የአዴ ጣሂራ አረንጓዴ ሻሽ

ጭሮ ውስጥ የሙስሊም ሰርግ ሲኖር ወንድ ካሜራ ይዞ በማይገባበት የሴቶች ድንኳን የምትገባው ሹክሪያ ናት። የቀረጸችውን ቪዲዮ ኤዲት የምታደርገውም ራሷ ናት፤ ከእኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል። ዲቪዲውን ግን ወንድም ሴትም፣ ጎረቤትም ተሰብስቦ ያየዋል። ሻሽዋ የወለቀ ሴት ካለች ሹክሪያ ከቪዲዮው ትቆርጣታለች። አንዷ ብታመልጣት ከገለምሶ እስከ መሰላ ማንም ደግሞ አይጠራትም።

በ2008 ዓ.ም. ከስልኳ አይታ አዲስ ነገር ለመደች። ኮምፒውተሩ ላይ ክብ ክብ ነገር ትስላለች፣ ታደበዝዘዋለች፣ ከዚያ ጠርዙን መልሳ ታጠራዋለች። ክቦቹ ወጥ ላይ እንደተንሳፈፈ የዘይት ጠብታ እየተሳሳቡ ይዋሃዱና ስክሪኑን ይሞላሉ፤ ሲሸሹ ሌላ ትዕይንት ይመጣል። ከዚያ በኋላ ሹክሪያን ማን ይቻላት! ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ ጠብታ፣ ኬክ ሲቆረስ ጠብታ።

«ሰርጉ ላይ ዝናብ ነበር እንዴ?» እላታለሁ።

«ቅናት ነው» ትለኛለች።

የጫት ነጋዴው ሳቢት ሲያገባ እናቱ አዴ ጣሂራ በሴቶቹ ድንኳን ተነስተው ጨፈሩ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሲያጨበጭቡ እንኳ ያየ የለም። መሀል ላይ ሻሻቸው ትከሻቸው ላይ ወደቀ። ሹክሪያ ኤዲት ስታደርግ ፈርታ ጭፈራውን በሙሉ በቀይ ጠብታ አስዋጠችው።

ዲቪዲው በደረሳቸው ማግስት መጡ።

«ሹክሪያ፣ ጭፈራዬ የታለ?»

«ሻሽዎ ወልቆ ነበር እኮ አዴ። ወንዶች ያዩታል ብዬ ነው።»

«ፀጉሬንስ ማንም አይይብኝ። ግን ሳቢት አባቱ ከሞተ ጀምሮ የሚያውቀው ሳለቅስ ነው። ወላሂ፣ አንድ ቀን ደስ ብሎኝ ይየኝ።»

«እሺ፣ ትንሽ ይታገሱኝ» አለች ሹክሪያ። በሩን በእኔም ላይ ዘግታ ስትለፋ ሰነበተች፤ መብራት ሲሄድባት ስትራገም ብቻ እሰማ ነበር።

አዲሱን ዲቪዲ አዴ ጣሂራ ቤት ተሰብስበን አየነው። ሻሹ ሊወድቅ ሲል ከትከሻቸው አረንጓዴ ጠብታዎች ተነሱ፤ እንደ ቀሚሳቸው አረንጓዴ። አናታቸው ላይ ተገናኝተው እንደ ሻሽ ፀጉራቸውን ሸፈኑ። ሲዞሩ አብሯቸው ይዞራል፣ ሲዘሉ አብሯቸው ይዘላል። አንዲት ዘለላ ፀጉር አልታየችም፤ ሳቃቸው ግን ሙሉውን ታየ። መጨረሻ ላይ ጠብታው አድጎ ስክሪኑን ሞላው።

«መልሺው» አለ ሳቢት።

ሹክሪያ ወደ ኋላ መለሰችው። አሁንም ወደ ስክሪኑ ተጠግቶ «መልሺው» አለ። አዴ ጣሂራ ስክሪኑን አንድም ጊዜ አላዩትም። ልጃቸውን ነበር የሚያዩት።