ጣቴን ያቃጠለው ትራንዚስተር

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ነግሬ አላውቅም። ለቄስ ስለ ትራንዚስተር እንዴት ይወራል እያልኩ ራሴን ሳታልል ዓመታት አለፉ። የሰው ስም ማጥፋቴን ለመናገር ትራንዚስተር ማስረዳት ምን ያደርጋል? ግን ነገሩ የጀመረው ከዚያው ነው።

ከአሥር ዓመት በፊት እንጅባራ ውስጥ ሬዲዮና ቴሌቪዥን እጠግን ነበር። ጎረቤቴ ወይዘሮ ጥሩነሽ የሰፈሩን ሴቶች አስተባብረው እንቁላል ሰበሰቡ። እኔ የጫጩት መፈልፈያ ሳጥን ልሠራ፣ እሳቸው በቤታቸው ሊጠብቁት፣ ጫጩቱን ሁሉም ሊካፈሉ ተስማማን። ሴቶቹ እንቁላላቸውን የሰጡት እሳቸውን አምነው ነው።

ሳጥኑን አምፖል ያሞቀዋል፤ ትንሽ ማራገቢያ ሙቀቱን ለሁሉም እንቁላል ያዳርሳል። ማራገቢያውን የሚያዘው ማይክሮኮንትሮለር የሚባል ትንሽ ኮምፒውተር ከእግሩ የሚሰጠው አምስት ቮልት ብቻ ስለሆነ፣ መሐል ገብቶ ለማራገቢያው የኤሌክትሪኩን መንገድ የሚከፍትለት ትራንዚስተር ያስፈልገዋል። ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ነበሩ። አንዱ ቀጭን ነው፣ በአምስት ቮልት ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። ሌላው ከተበላሸ ኢንቨርተር የነቀልኩት ወፍራም ነው፣ በደንብ ለመከፈት አሥር ቮልት ይፈልጋል። ይህን አውቅ ነበር። ቀጭኑን ሳነሳ ግን ከከበቡኝ ሴቶች አንዷ «ይቺ ትችለዋለች?» አለች። አፈርኩ መሰለኝ፣ ወፍራሙን አነሳሁ። እኔ ባለሙያው ዕቃ በውፍረቱ መረጥኩ።

ማራገቢያው ዞረ። ሴቶቹ እንደሄዱ ትራንዚስተሩን ብነካው ጣቴን አቃጠለኝ። በግማሽ ሲከፈት እንደዚያ ነው፤ ማሳለፍ ያቃተውን ኃይል ራሱ ላይ ያነደዋል። ቀጭኑ እዚያው አጠገቤ ነበር። ለምን አልቀየርኩትም? ስንፍና ነው፣ ኩራትም ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ ወይዘሮ ጥሩነሽ «ልጄ፣ ይቺ ነገር ትፋጃለች» አሉኝ። «እርስዎ አይንኩት እንጂ ምንም አይሆንም» አልኳቸው።

በሁለተኛው ሳምንት ትራንዚስተሩ ተቃጥሎ ማራገቢያው ቆመ። ላይኛው እንቁላል በሰለ፣ ታችኛው በረደ። ስንሰብረው ላባ ያወጡ ጫጩቶች ሞተው አገኘን። ሴቶቹ ምን ሆኖ ነው ብለው ወደ እኔ ዞሩ። እኔም «የሳጥኑ በር ቶሎ ቶሎ ሲከፈት ነው» አልኩ። ወይዘሮ ጥሩነሽን እንቁላሉን እንዲያገላብጡ በቀን ሁለቴ ይክፈቱት ብዬ ያዘዝኳቸው እኔ ነኝ። ይህን እያወቅሁ አልኩት። በሴትዮዋ ፊት አልኩት።

ከዚያ ወዲያ የሰፈሩ ሴቶች አደራ የሚባል ነገር ለእሳቸው አልሰጡም። ማኅበር ሲሰበሰቡ ገንዘብ ያዥ ያደረጉት ሌላ ሰው ነው። እሳቸው አንድም ቀን አልተከራከሩም፤ ያልኩትን አምነውኝ ነበርና።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ ሰው እርስ በርሱ ይቅር በሚባባልበት ሰሞን፣ ሱቄ ድረስ መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው ነበር። «ልጄ፣ ድካምህን ሜዳ አስቀረሁብህ። ይቅር በለኝ» አሉ። ያኔ መናገር እችል ነበር። ከእሳቸውና ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም።

ወይዘሮ ጥሩነሽ አርፈዋል። ወጣት ነበርኩ አልልም፣ ሴቶቹ አሳፈሩኝ አልልም። እናንተንም ማሩኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። እኔን ይቅርታ ሲለምኑኝ ዓይናቸውን እያየሁ «እግዚአብሔር ይቅር ይበልዎ» ያልኩት እኔ ነኝ።