ባየሽ የሠራችው ጥቁር ኮፍያ

ባየሽ ጥቁር ክር አትወድም። እዚህ ሰው አገር፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ ሰፈር፣ እሷ ፎቅ ላይ፣ እኔ ከሥሯ ስንኖር ስምንት ዓመታችን ነው፤ በሹራብ ኮፍያ ያላለበሰችው አናት የለም፤ ቀይ፣ ብጫ፣ አረንጓዴ። ሙያውን ያስተማሯት የምትሠራበት ናርሲንግ ሆም ያሉ አንዲት ፈረንጅ አዛውንት ናቸው። እጇ ሥራ ፈትቶ አያውቅም፤ አፏም እንደዚያው። ታዲያ ረቡዕ ዕለት ጥቁር ክር ጭኗ ላይ ሳይ ዝም ብዬ ልለፍ?

"ለማን ነው?" አልኳት።

"ለአሮጊቷ። በወጣትነታቸው ያደረጉትን ሥሪልኝ ብለውኝ።"

ፎቶውን በስልኳ አሳየችኝ። እውነትም የድሮ ፋሽን ነው፤ ደወል መስሎ ጆሮና ማጅራት ይሸፍናል። ግን ፎቶው ላይ ያለው ነጭ ነው!

"ጥቁሩን ምን አመጣው?"

"ረክሶ ሴል ላይ ነበር" አለች ቀና ሳትል። ከዚያ ሜትሯን አነሣች። "እስቲ ጭንቅላትሽን ልለካው፤ ከእሳቸው ጋር እኩል ነሽ።"

የዘጠና ዓመት ፈረንጅንና የእኔን ጭንቅላት ምን አገናኘው!

ያን ሳምንት ወንድሜ ቸሩ ናዝሬት ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ሚስቱ ጋ ስደውል "ተኝቷል፣ አትቀስቅሱት ብለዋል" ትለኛለች። ኧረ ሁለት ቀን ሙሉ የሚተኛ ሰው አለ? ልጄን ሩትን ምን ሰማሽ ብላት "ነቲንግ ማሚ" አለችኝ። ከስልኳ ቀና የማትለው ልጅ፣ ያን ዕለት ራት ሠርታ ጠበቀችኝ።

የኛን ሰው አውቀዋለሁ። መርዶ በስልክ አይነግርም፤ እዚህ ደግሞ ሁሉም ከሥራ ኦፍ እስኪሆን ቅዳሜን ይጠብቃል። እኔ ራሴ ስንቱን አርድቻለሁ! ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር።

ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ቤቴ ሳልገባ ቀጥታ ባየሽ ጋ ወጣሁ። ኮፍያው አልቆ ሶፋው ላይ ተቀምጧል። ሳላስፈቅድ አንሥቼ አጠለቅሁት። ልክክ አለ።

ባየሽ አየችኝና እንባዋ ቀደማት። "ጥቁር ሻሽ ብቻውን ይሄን ብርድ አይችለውም ብዬ ነው" አለች።

"መቼ ነው?"

"ማክሰኞ ጠዋት። ቅዳሜ ከቄሱ ጋር ልንመጣ..."

"ማክሰኞ!" ጮህኩባት። "አንቺ ጨካኝ! ትናንትም ዛሬ ጠዋትም 'እግዜር ይማርልኝ' ስል 'አሜን' አላልሽኝም?"

"እና 'አሜን' አልልም ልበልሽ?" አለች።

ሶፋው ላይ ወደቅሁና፣ ለወንድሜ ማክሰኞ ላለቅስለት ሲገባኝ ሐሙስ አለቀስኩለት።