ዘንቢሉ ውስጥ ያልገባው ልብስ

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ነው። ሁለተኛ ልጄን አርግዤ ሳለሁ የሸዋ ሮቢት ክሊኒክ ነርስ ሆዴን ዳብሳ፣ «አንቺስ እዚህ አትወልጂም። ወርሽ ሲገባ ደጋ ወጥተሽ ሐኪም ቤት ቆዪ» አለችኝ። የመጀመሪያ ልጄ ቤት ተወልዶ፣ ውሎ ሳያድር ሞቶብኝ ነበር። ይዤ የምሄደውንም ዕቃ በወረቀት ጻፈችልኝ። አራተኛ ክፍል ድረስ ተምሬ ስለነበር፣ ዕቃውን ዘንቢል ውስጥ ለሚከቱት ለአማቴ ማንበቡ የእኔ ሥራ ሆነ።

«ሳሙና። ኩባያ። ሁለት ቀሚስ። ፎጣ።»

«ፎጣው ለምንድን ነው? ልትወልጂ ነው ወይስ ሮቢ ወንዝ ልትዋኚ?» አሉ።

እኔም አላውቅም። ወረቀቱን እያገላበጥኩ፣ ሐኪም ቤት ምን ዓይነት ቦታ ቢሆን ነው እላለሁ። ኩባያ የሚያስይዙን እነሱ መጠጫ አጥተው ነው? እዚያ የሚወለደው ተንበርክኮ ነው ወይስ ተኝቶ? አማቴ ደግሞ ወረቀቱ ላይ የሌለውን ይጨምራሉ፦ ለገንፎ የገብስ ዱቄት፣ በቅል ቅቤ፣ ከሁሉም ሥር ቢላዋ። ያን ጊዜ ወላድ ያለ ብረት አትተኛም።

የመጨረሻውን፣ «የሕፃን ልብስ» የሚለውን ሳነብ ግን እጃቸውን ከዘንቢሉ አወጡ።

«እሱን ዝለይው።»

ላልተወለደ ልጅ ልብስ ማሰናዳት በእኛ ዘንድ ሞትን መጥራት ነው። ለመጀመሪያው ልጄ እሳቸው ቀድመው እጀ ጠባብ ሰፍተውለት ነበር። ልጁ ከተቀበረ በኋላ እጀ ጠባቡን የት እንዳደረሱት አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም።

ይህን እያወቅኩም ነገሩ ፍርደ ገምድል ሆነብኝ። ዘንቢሉ ላይ እጄን ጫንኩ።

«በሕግ አምላክ! ይህ ዘንቢል አይዘጋም። ለእኔ ሁለት ቀሚስ ገባ። ቢላዋው እንኳ አፎት ለብሷል። ይህን ሁሉ መንገድ የምንሄድለት ሰው ብቻ ራቁቱን ይቅር? ያውም በደጋ ብርድ!»

«አራት ዓመት ፊደል ቆጠርሽና ዳኛ ሆንሽ?»

«ዳኛማ አንቱ ነዎት፤ ያውም ይግባኝ የሌለው።»

ሳቃቸው አመለጣቸው። ልብሱን ግን አላስገቡም።

በማግስቱ ሦስት አሮጌ ነጠላዎቻቸውን በእንዶድ አጥበው አጥር ላይ ሲያሰጡ አገኘኋቸው። ለማን እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ «የገዛ ልብሴን ማጠብም ፍርድ ቤት ያስቀርባል?» አሉኝ።

የጉዞው ቀን ሦስቱንም ደራርበው ወጡ። በዚያ ሐሩር! ላቡ ባንገታቸው ይወርዳል። አውቶቡስ ውስጥ አጠገባችን የተቀመጠ የአጣዬ ነጋዴ አያቸውና፣ «እትዬ፣ ወባ ነው?» አላቸው።

«ለጠያቂው ያድርገው!»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ፣ «ለልጁ ነው አይደል?» ስላቸው ጭኔን ቆነጠጡኝ።

«ዝም በይ። የለበስኩት የራሴ ነው። የሚሰማ ካለም ይስማ፤ የራሴ ነው።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ለሕፃኑ ምንም አላሰናዱም፤ አንዲት አሮጊት ልብሷን ደርባ መንገድ ወጣች እንጂ ሌላ ምን አለ? ሞት ራሱ ቢመጣ በምን ይከሳቸዋል? ደብረ ሲና ደርሰን ጉሙ በመስኮት ሲገባ ነጠላውን ጠበቅ አድርገው ተከናነቡ።

ሐኪም ቤት በገባን በአምስተኛው ቀን ጠዋት ሴት ልጅ ወለድኩ። ለካ የሚወለደው ተኝቶ ኖሯል፤ ፎጣውም ለላቤ ኖሯል። የሐኪም ቤቱ ነርስ፣ «የሕፃኗ ልብስ የታለ?» አለች። አማቴ የልጅቷን ለቅሶ በጆሯቸው ሰምተው እስኪጠግቡ አልተነቃነቁም። ከዚያ በኋላ ነው ልብሳቸውን መፍታት የጀመሩት። በአንዱ ነጠላ ጠቀለልናት፤ አረጠበችው። ሁለተኛውንም አረጠበችው። ሦስተኛው ላይ ተኛችልን።

እሳቸው በስስ ቀሚስ ቀርተው መስኮቱ ሥር ይንቀጠቀጡ ጀመር። ብርድ ልብሴን እንካፈል ብላቸው፣ «ወላድ አንቺ ነሽ፤ ለእኔ አይገባም» ብለው ድርቅ አሉ። እኔም ክርክሩን ትቼ እጃቸውን ይዤ ወደ አልጋው ጎተትኳቸው። ሕፃኗን መሐላችን አደረግናት። እግራቸው ሲነካኝ በረዶ ነው።

ነርሷ ስትመለስ፣ «በአንድ አልጋ ሁለት ሰው ክልክል ነው!» ብላ ጮኸች።

«ሁለት አይደለንም፤ ሦስት ነን» አልኳት።

አማቴ ከብርድ ልብሱ ሥር በክርናቸው ጎሸሙኝ።

«አትቁጠሪን! ሰው አይቆጠርም!»